እማዬ «ልጄ» የምትላት

ሐሙስ

ወንድሜ ቴሌቪዥን አምጥቶ ሰቀለብን። ግድግዳውን በሳስቶ፣ አቧራውን ምንጣፉ ላይ ነስንሶ፣ «እማዬ ብቻዋን እንዳይደብራት» ብሎ ሄደ። ብቻዋን! እኔ ታዲያ ማን ነኝ? የስፌት ሱቄ ከፊት ነው፣ እሷ ከኋላ ሳሎን ውስጥ ናት፣ መሃላችን ያለው አንድ በር ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። የማበስልላት እኔ፣ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ፣ ጸጉሯን የማጥባት እኔ። እሱ በመኪናው ከተፍ ብሎ አንድ ሳጥን ሰቀለና ሲመረቅ አመሸ።

ሲወጣ በር ላይ ያዘኝ። ክረምቱ ሲወጣ ሊወስዳት ይፈልጋል። ቤቱ ሰፊ ግቢ አለው፣ ሚስቱም ሥራ ትታ ቤት ናት። እማዬን ጠይቃት አልኩት። ለካ ጠይቋታል። «እናያለን» ብላዋለች። እዚያው እምቢ ማለት ነበረባት። እናያለን ምን ይባላል?

ለማንኛውም እኔ ያንን ቴሌቪዥን የማይበት ጊዜ የለኝም።

ሰኞ

አዲስ ፕሮግራም ጀመሩ። አሥር ልብስ ሰፊዎች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው፣ ካሜራ ተደቅኖባቸው፣ ሲሰፉ፣ ሲጣሉና ሲያለቅሱ ይታያሉ። በየሳምንቱ ተመልካቹ ለሚወደው በስልኩ ድምፅ ይሰጣል፣ ያነሰ ያገኘውም ይሸኛል። እማዬ ጠራችኝ። ሥዕሉ ለእሷ ብዥ ያለ ነው፣ የምትከታተለው ድምፁን ነው። «ነይና የሰፉትን ንገሪኝ» አለች። የሚጠብቀኝ ሥራ አለ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ውዬ ሌላ ሰው ሲሰፋ ቁጭ ብዬ ልይ? አናጢ ሊዝናና ሲፈልግ ሚስማር ሲመታ ያያል እንዴ?

ቀምቃሚዋ ግን መርፌዋን እንደያዘች ገባች። ጠርዝና ቁልፍ የምትሠራልኝ ሴት ናት፣ ከእኔ ጋር አብራ ያረጀች። ወሬ ባለበት ሁሉ አለች።

ረቡዕ

ይቺን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የአንዲት ነርስ ጋውን ኮሌታ እየገጠምኩ ሳለ ከበሩ ወዲያ እማዬ «እጅሽ ይባረክ!» ስትል ሰማሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ጠዋት ያጠበብኩላትን ሹራብ አሁን ገና ለብሳው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ተነሣሁ፣ ጸጉሬን ሁሉ ነካ ነካ አድርጌ በሩን ከፈትኩና «ምን አልሽኝ እማዬ?» አልኳት።

«አንቺን አይደለም» አለችኝ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

ለካ አንዷን ተወዳዳሪ ኖሯል። ቁጥር ሰባት ናት፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ አንዲት ልጅ እግር። የሰፋችው ኮሌታ አንዱ ጫፍ ሰማይ፣ አንዱ ጫፍ ምድር ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ዳኞቹም ነገሯት። አለቀሰችና ሽማግሌውን ዳኛ «እንዴት ላስተካክለው?» ብላ ጠየቀችው። እማዬ እጇን የባረከችላት ለዚህ ነው።

እኔ የጨረስኩትን ልብስ ሁሉ አምጥቼ አስነካታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ትዳብሰዋለች፣ ገበሩን ትገለብጣለች፣ ስፌቱ ላይ በጥፍሯ ትሄዳለች፣ ከዚያ «ይሁን» ትላለች። የሙሽራም ልብስ ይሁን ነው፣ የትራስ ልብስም ይሁን ነው።

ቅናት አይደለም። ጠማማ ኮሌታ ሲመረቅ ስለሰማሁ ነው።

እሑድ

እሺ፣ አየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። እማዬን የሚያሞኟት ከሆነ ማወቅ ስላለብኝ ነው።

ልጅቷ ዚፕ መግጠም አትችልም። አይ ጉድ! ዚፕ! «መጀመሪያ በስፒል ያዥው እንጂ» ብዬ ጮህኩ። እማዬ ዝም በይ አለችኝ። ፍንጭቷ ዚፑን ስትገጥም እማዬ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ማክሰኞ

ወንድሜ ሱቅ ደወለ። ምን ሆኜ እንዳለቀስኩ ጠየቀኝ። እኔ አላለቀስኩም አልኩት። «እማዬ ‘ልጄ ዛሬ ስታለቅስ ዋለች፣ አንጀቴን በላችው’ አለችኝ እኮ» አለኝ።

ልጄ ትላታለች! ያቺን! ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ እንኳ እማዬ «ክርሽን አስተካክዪ» ነው ያለችኝ። የእናቴን አንጀት ለመብላት ጥርስ መፈንጨት ያስፈልጋል ለካ።

ለወንድሜ ነገሩን አስረዳሁት። ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ ስልኩን ዘጋሁበት።

አርብ

ሥራ በዝቷል። ሁለት ሱሪ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ዩኒፎርም። ዝናብ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ገብቼ አየሁ። ፍንጭቷ ለጥቂት ተረፈች። እሰይ አላልኩም።

ሰኞ

ቀምቃሚዋ ታዘበችኝ። ራቴን ሳሎን ማቅረብ ከጀመርኩ ቆየሁ አለች። እማዬን ለማጫወት ነው አልኳት። «ታዲያ ትናንት እማማ ተኝተው ማንን ስታጫውቺ ነበር?» አለችኝ። የክፍሉ መብራት ከመንገድ ይታያል ለካ።

ያልገባት ነገር አለ። እኔ የማየው ለመፍረድ ነው። ባለ ኮፍያው፣ ቁጥር አራት፣ አፈኛ ቢሆንም እጁ ንጹሕ ነው፤ ማሸነፍ ያለበት እሱ ነው። ፍንጭቷ ዛሬም እጅጌ ስትገጥም ተሳስታ ሽማግሌውን ጠየቀች። ሰው እንዴት በየቀኑ አላውቅም ይላል? እፍረት የለም? እማዬ ደግሞ ከወንበሯ ላይ ሆና ትመልስላታለች። «ከትከሻው ጀምሪ ልጄ፣ ከብብቱ አትጀምሪ።» ድምፅዋ ሌላ ነው። በዚያ ድምፅ እኔን አናግራኝ አታውቅም።

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» አለችኝ ቀምቃሚዋ፣ ስንዘጋ። ላጽናናሽ ብላ ነው። የባሰ አናደደችኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ደስ ያለኝ ቀን ነው። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ጡረታ ሊወጡ ነው፣ ለሽኝታቸው የሚለብሱት ቀሚስ አዘዙኝ። ያመጡት ጨርቅ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ ነው። ነጋዴው ጋ ከጥቅሉ የቀረው ይኸው ብቻ ስለሆነ ቢበላሽ ሌላ አይገኝለትም፣ አደራ አሉኝ። ከዚያ እየለካኋቸው እንዲህ አሉ፦ «የእናትሽን እጅ አውቀዋለሁ። የአንቺ ግን ይበልጣል። ድሮም እዚህ ስመጣ ልጅቷ ትስፋልኝ እል ነበር እኮ።»

በሩ ክፍት ነበር። እማዬ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አመሰገንኳቸው። እሷ ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው፣ የሰማች አይመስለኝም።

እውነታቸውን ነው፤ ያኔ ሁሉም ልጅቷ ትስፋልኝ ይሉ ነበር። ደግነቱ እማዬ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ሥራውን ለእኔ የለቀቀችውም በዚያው ሰሞን ነው። ዓይኔ ደከመ አለች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ክር በመርፌ የምታስገባው ራሷ ነበረች። ዓይን አንዳንድ ቀን ይሻለዋል መሰለኝ።

ሰኞ

የቀሚሱን ጨርቅ በልኩ ቀደድኩ። በሩን ከፍቼ ነው የሠራሁት፣ ዛሬ ፍንጭቷ የምትፈተንበት ቀን ስለነበር። ሁለቴ ይሁን ሦስቴ መቀሴን አስቀምጬ ገባሁ። የተሰጣት ሐር ነው። ሐር ለእሷ! መድረሻ ስታጣ ዋለች።

ረቡዕ

ወይ ነዶ።

ግራ እጅጌው።

ሐሙስ

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ከፋይ ጸጉር ያለው ጨርቅ ነው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆረቁራል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ አንዱ ፈዘዝ፣ ሌላው ጠቆር ይላል። ስለዚህ የቀሚሱ ክፍል በሙሉ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን እንዲሄድ ተደርጎ ነው የሚቀደደው። ይህን አፌን ሳልፈታ ነው ያወቅሁት። ቀሚሱን ገጣጥሜ እንጨቷ ሴትዮ ላይ፣ ልብስ የምንለካባት ላይ ማለቴ ነው፣ አለበስኩትና መስኮቱን ከፈትኩ። ግራ እጅጌው ከሌላው ጠቁሮ ቁጭ አለ። ገልብጬ ነው የቀደድኩት። ለማጅ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ቁርጥራጩን ሁሉ ሰብስቤ ዘርግቼ አየሁ፤ ሙሉ እጅጌ የሚወጣው የለም።

እንጨቷን ሴትዮ ወደ ግድግዳ አዞርኳት። ቀምቃሚዋ አላየችም። ርዕሰ መምህርቷ ሊለኩት የሚመጡት የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ያቺ ልጅ ባትኖር በሩን እከፍት ነበር?

ቅዳሜ

በዚህ ሳምንት የሚሸኘው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ፍንጭቷ ወይ ባለ ኮፍያው። እማዬ ምሳ አልበላም አለች። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ፣ ፊደሉ አይታያትምና። «ለልጄ ላኪልኝ። ቁጥር ሰባት ብለሽ፣ ደጋግመሽ ላኪ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። አጠገቧ ቆሜ ነው። እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ነበር፣ ለልጅቷ ጨንቋት እኔን ይዛ።

አራት ብዬ ላክሁ። ደጋግሜ ላክሁ።

«ላክሽ?» አለችኝ። «ላክሁ» አልኳት። መላኩንስ ልኬያለሁ።

እሑድ

ፍንጭቷ ተሸኘች።

ስትወጣ ካሜራውን አየችና ብዙ እንደተሳሳተች፣ ስትጠይቅ ግን ማንም እንዳላሳፈራት ተናገረች። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሽማግሌውን ዳኛ አቀፈችው። እማዬ «ተሸነፍን» አለች። ከዚያ አጥፊው አለችኝ። አጠፋሁት።

በአንድ ስልክ የተላከ ድምፅ ሰው አያስባርርም። አገር ሙሉ ነው የሚልከው። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት።

ሰኞ

«ወንድምሽን ጥሪልኝ። ቅዳሜ መጥቶ ይውሰደኝ» አለች።

ለምን አልኳት። ምን ጎደለብሽ? ምግቡ? አልጋው? ምንም አልጎደለም አለች። «አንቺ ሥራ አለሽ። እኔ እዚህ ምን አለኝ?» አለች። እኔ አለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው «እንደፈለግሽ» ነው።

ደወልኩለት። ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም።

ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ብቻዬን ከፈትኩት። ሁሉም በትክክል ይሰፋሉ። አንድም የሚጠይቅ የለም። ባለ ኮፍያው እጅጌ ሲገጥም እንዲህ አይንዛዛም ነበር መሰለኝ፣ ወይም እኔ ሰለቸኝ። የፍንጭቷ ወንበር ባዶውን ነበር። እንግዲህ በማን ልቅና? ናፈቀችኝ ብዬ ብጽፍ እዚህ ማንም አያነበውም።

ረቡዕ

እማዬ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። በእጇ እየለየች፣ የክረምቱን ለብቻ፣ የበጋውን ለብቻ። ላግዝሽ ስላት እችላለሁ አለች።

የእጅጌው ነገር መላ አልተገኘለትም። እንዲሁ ብተወውስ? መምህርቷ ዓይናቸው ጥሩ ነው። ያዩታል።

ሐሙስ

ቀምቃሚዋ ቆጣ አለችብኝ። «እናትሽ ልትሄድብሽ ነው፣ አንቺ ግድግዳ ታያለሽ» አለች። እንጨቷን ሴትዮ ልታዞራት ስትል «አትንኪያት!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ቅዳሜ

ቀሚሱ ደረሰ። ርዕሰ መምህርቷ ለብሰው መስታወት ፊት ተሽከረከሩና እጅጌው ላይ ያለውን ጥብጣብ እየነኩ «ይሄ ደግሞ አዲስ ፋሽን ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። እንዴት እዚህ እንደደረስን ከሥሩ ልጻፈው፣ ነገ ይጠፋብኛል።

ጠዋት ሻንጣው በሩ ሥር ተቀምጧል። ወንድሜ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል። እማዬ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ሱቁ ወጣች። ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ እዚህ ክፍል ቆማ አታውቅም፣ ሁልጊዜ እያለፈች ነው የምትሄደው። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ነካች። ድሮ የእሷ የነበረውን መኪና ነካች፣ መዘውሩን ትንሽ አዞረችው። ልትሰናበት ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ እጇ እንጨቷን ሴትዮ አገኛት።

ከፋዩን ዳበሰችው። ደረቱን፣ ቀኝ እጅጌውን፣ ከዚያ ግራውን። ግራው ላይ ቆመች። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች ዳበሰችው።

«ይሄ ጸጉሩ ወደ ላይ ነው» አለች።

አፌ ላይ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ደንበኛዋ እንዲያ ፈልገው ነው ልል። እጇን አየሁት፣ እዚያው ጨርቁ ላይ ነበር፤ ሰዓቱን አየሁት፤ እና ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

«ተሳስቼ ነው እማዬ። ጨርቁ አልቋል። ምን ላድርግ?»

ዘወር አለች። «ተሳሳትሽ?»

«አዎ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

እናቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ለፍንጭቷም እንዲህ አልሆነችም። ወንበር በእጇ ፈልጋ ቁጭ አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ እዚያ ቆሜ ነድጃለሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠራረገችና «ቁርጥራጩን አምጪ» አለችኝ።

አንድ በአንድ ለካችው፣ በስንዝሯ። ሙሉ እጅጌ አይወጣም፣ ከክርን በላይ ያለው ግማሽ ግን ይወጣል፣ ከክርን በታች ያለውም ከሌላኛው ቁራጭ ይወጣል። ክርኑ ላይ ይገጠምና ስፌቱ በጥቁር የሳቲን ጥብጣብ ይሸፈናል፤ ቀኙም ላይ እንደዚያው ጥብጣብ ይደረጋል፣ ሆን ተብሎ የተሠራ እንዲመስል። እሷም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጋ አምልጣለች። ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር።

ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አድርጌ የገጠምኩትን እጅጌ እንተረትር ጀመር። እኔ በመቀስ ጫፍ እቆርጣለሁ፣ እሷ ክሩን በጣቷ እየፈለገች ትመዛለች። ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሥራው ግን አልሄድ አለኝ።

«ድምፁን ለባለ ኮፍያው ነው የላክሁት» አልኳት።

እጇ ቆመ። ልጅቷ ምን አደረገችሽ አለችኝ። ምንም አልኳት።

«እንግዲያ?»

«‘እጅሽ ይባረክ’ አልሻት። እኔን አንድ ቀን ብለሽኝ አታውቂም። ቀናሁባት።»

ተነሥታ ሻንጣዋ ላይ ትቀመጣለች ብዬ ፈራሁ። ክሩን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

«እሷ ስትሳሳት ትጠይቃለች። እኔን የጠየቀችኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። «አንቺ ምን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አንዴ አይተሽ ትሠሪው ነበር። ከእኔም አሳምረሽ። ሰዉ ልጅቷ ትስፋልኝ ማለት ሲጀምር ዓይኔ ደከመ አልኩ። ያኔ ዓይኔ ምንም አልሆነም። ቀንቼብሽ ነው። በገዛ ልጄ። የሰፋሽውን ባነሣሁት ቁጥር ጉድለት ስፈልግ ኖርኩ፣ አጣሁ፣ ይሁን እልሻለሁ።»

እንደገና ክሩን መምዘዝ ጀመረች፣ አንዱ ጋ ስትደርስ አልበጠስ አላትና ተነጫነጨች። «ይሄንን በምን ክር ነው የሰፋሽው? ሰው ይተረትረዋል አይባልም?» አለችኝ። አለቀስኩ። መቀሱን እንደያዝኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ድምፅ አውጥቼ። ጨርቁን እንዳታረጥቢው ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። እጇን ግን ክንዴ ላይ አሳረፈችው፣ አላነሣችውም።

በዚህ መሃል ነው ወንድሜ የደረሰው። ከደጅ ጥሩምባ ነፋ፣ ከዚያ ራሱ ገባ። ሻንጣውን አነሣና «እንሂድ እማዬ፣ ዝናብ ሳይመጣ» አላት። ቀና ብላ አላየችውም። አረንጓዴ ብናኝ እጇንም ቀሚሷንም ሞልቶታል።

«አስቀምጠው። ሥራ ይዣለሁ» አለችው።

እኔን አየኝ። ዓይኔ ቀልቷል፣ ምን እንደሆንን አልገባውም። ታዲያ መቼ ተመልሼ ልምጣ ብሎ ጠየቃት።

«ሥራ ሲያልቅ እደውልልሃለሁ።»

ወንድሜ ልብስ ሰፊ አይደለም፣ የስፌት ሥራ እንደማያልቅ አያውቅም። እሺ ብሎ ሻንጣውን አስቀምጦ ሄደ።